ጉባ ወይስ ደመራ? ወደ ስቱዲዮ ያልገባው የጊንጪ በዓል

በዓል በመጣ ቁጥር ሳይጠሩት የሚመጣ አንድ እንግዳ አለ። ዶሮው ቢወደድ፣ ቅቤው ቢጠፋ፣ ጠላው ቢኮመጥጥ እንኳ እሱ ሰዓቱን ጠብቆ ከተፍ ይላል። “ልዩ የበዓል ዝግጅት” ይሉታል። አንባቢ መልኩን አሳምሮ ያውቀዋልና ብዙ መግለጽ አያሻም፤ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ስቱዲዮ፣ ቡና የሌለበት ጀበና፣ የማይቆረስ ድፎ ዳቦ፣ ጥልፋቸው ገና ውሃ ያልነካው ሁለት አስተናባሪዎች። “እንኳን አደረሳችሁ! እንኳን አደረሰን!” ይባባላሉ። አንድ ኮሜዲያን ስለ በግ ዋጋ ይቀልዳል። አንድ ድምፃዊ አዲስ ዜማውን ያሰማል። ከዚያም የማይታለፈው ይመጣል፤ “አሁን ደግሞ የብሔር ብሔረሰቦችን ባህላዊ ጭፈራ እንጋብዛችሁ!”

እነዚያው ስምንት ወጣቶች ልብስ እየቀያየሩ ኢትዮጵያን በአሥር ደቂቃ ያዳርሷታል። እስክስታው፣ ጉራግኛው፣ ወላይትኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛው ይከታተላሉ። ኦሮምኛው አብዛኛውን ጊዜ የሐረርጌው ሸጎዬ ነው፤ ለዓይን ይስባላ! የሸዋው ረገዳ ለመድረክ አይመች እንደሆነ እንጃ፣ ብዙም አይጋበዝም። ከጊንጪ ወይም ከአምቦ ሆኖ የሚመለከት ሰው “ይኼ እኔ ነኝ ማለት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል?

ሃያስያን አንድ ልቦለድ ሲታተም ብዕራቸውን ያሾላሉ፤ አንድ ቴአትር ሲከፈት ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ከማንኛውም ቴአትር የበለጠ ተመልካች ያለውን ይህን የበዓል ዝግጅት ግን “ኪነ ጥበብ ነው” ብሎ የሔሰው ብዙ አይገኝም። በበኩሌ ኪነ ጥበብ ነው እላለሁ። የራሱ ቅርጽ፣ የራሱ ልማድ፣ የራሱ ታሪክ አለው። ዘሩ ቢቆጠር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተው ከዛሬው ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ይደርሳል፤ በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የተደራጁት የኪነት ቡድኖች አሳድገውታል፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኅዳር 29 ቀን በየዓመቱ የሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የመጨረሻ መልኩን አስያዘው። ቅርጹ ሦስቱንም መንግሥታት አገልግሎ ከሁሉም ተርፏል። መንግሥት ሲለወጥ የሚለወጠው የጭፈራው ቅደም ተከተል ነው።

እንግዲህ ይህ ቅርጽ ምን ያሳያል? ከምንም በላይ ደግሞ ምን ማሳየት አይችልም? ጥያቄዬ ይኸው ነው። መልሱን ለመፈለግ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአምቦን መንገድ ይዞ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ኦሎንኮሚን አልፎ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይበቃል። ጊንጪ ትደርሳለህ። የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። ከአካባቢዋ አዋሽ ይነሣል፤ ወደ ደቡብ ወጣ ሲሉ የደንዲ ሐይቅ አለ፤ ጥቁር መሬቷ ጤፍ ያበቅላል። በመንገድ ላይ እንዳሉት የሸዋ ከተሞች ሁሉ ሕዝቧ ድብልቅ ነው፤ የሜጫ ኦሮሞው፣ አማርኛ ተናጋሪው፣ ነጋዴው ጉራጌ፣ ኦርቶዶክሱ፣ የወንጌል አማኙ፣ ሙስሊሙ፣ ዋቄፈታው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ።

ቅርጫ

መስከረም 16 ማታ ጊንጪ ላይ የሚለኮሰውን እሳት ሁለት ስም ይጠሩታል። ደመራም ነው፣ ጉባም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወገን ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ደመራውን ይዞራሉ፤ በየደጁ ደግሞ አባወራው ችቦ ለኩሶ ልጆቹን ሰብስቦ ክረምቱን ይሸኛል። አደይ አበባውን አንዱ አደይ ሲለው ሌላው ኬሎ ይለዋል። ወቅቱ ለአንዱ ጥቢ ነው፤ ለሌላው ቢራ። አንድ ሽማግሌ ሰው፣ “አባባ፣ ይኼ ጉባ ነው ወይስ ደመራ?” ብዬ ብጠይቃቸው ዘወር ብለው አዩኝና፣ “ምነው ልጄ፣ አንዱን ልትወስደው ነው?” አሉኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም።

ይህን እሳት ቴሌቪዥን ሊያሳየው ይችላል፤ እሳት ለካሜራ ይመቻል። ሊያሳየው የማይችለው በማግሥቱ ወይም ከሁለት ቀን በፊት የሚሆነውን ነው። ቅርጫን ማለቴ ነው።

ቅርጫ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ሆኖም ከልማድ ብዛት ያላስተዋልነው ነገር ስላለው ቀስ ብለን እንየው። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት አባወራዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ። በሬው ይታረዳል፤ ቅጠል ተነጥፎ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈላል። ከሻኛው ለሁሉም፣ ከጎድኑ ለሁሉም፣ ከዳቢቱ ለሁሉም፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ሳይቀር ለሁሉም። መዳቢው በዓይኑ ሚዛን ነው፤ ከአንዱ መደብ ቆንጥሮ ወደ ሌላው ሲወረውር “እሱ ጋ አጥንት በዝቷል! ጨምርበት!” የሚል ጩኸት አይጠፋም። በመጨረሻ እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ። የማን ምልክት የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ እጣውን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ቀሪው ክርክር በዚያው ያበቃል።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ቅርጫው ውስጥ ማን አለ? ሙስሊሙ ጎረቤት የለም፤ የእርዱ ሥርዓት የተለየ ስለሆነ በአረፋና በኢድ የራሱ ቅርጫ አለው። ለሠርግና ለድግስ ሲጠራ ግን ደጋሹ የእስላም ሥጋ ለብቻ እንዲታረድና እንዲዘጋጅ አስቀድሞ ያስባል፤ ያላሰበ ደጋሽ ይታማል። ኦርቶዶክሱ፣ የወንጌል አማኙና ዋቄፈታው ግን በአንድ ቅርጫ ሊገኙ ይችላሉ። እንግዲያው በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው መስቀል ዓርብ ቀን ሲውል ምን ይደረጋል? ገናና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብን ይሽራሉ፤ መስቀል አይሽርም። ጿሚው በመስቀል ቀን ሥጋ አይቀምስም። የማይጾመው ጎረቤቱ ግን ዓመት ጠብቆ በበዓሉ ቀን ድስቱን ጾም ሊያሳድር ነው? ዓርብ ይታረድ ወይስ ቅዳሜ? ዓርብ ቢታረድ ጿሚው ሥጋውን እንዴት አድርጎ ያሳድራል? ቅዳሜ ቢሆን ሌላው “የእኔ በዓል ለምን በሰው ጾም ይለካል?” ቢል ምን ይመለስለታል?

አንባቢ ሆይ፣ ድራማ ማለት ይህ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ በሬ፣ ሁለት የቀን አቆጣጠር ባይሆንም ሁለት የቀን ትርጉም። ሁለቱም ልክ ናቸው። አብረው መኖር አለባቸው፤ በሬው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚታረደው። ከዚህ የተሻለ የአንድ ገቢር ተውኔት ጭብጥ ማን ሊያመጣ ይችላል? ሆኖም በአንድም የበዓል ዝግጅት ላይ ይህን የመሰለ ክርክር አይቼ አላውቅም። እዚያ ያለው “መቻቻል” የሚባለው ቃል ነው። ቃሉ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ያለውን ፈገግታ እንጂ ክርክሩን አይዝም። ስቱዲዮው ውስጥ ማንም ከማንም ጋር ስለማይጣላ የሚታረቅም የለም፤ ልብስ መቀያየር ብቻ ነው።

ባለቤት ፍለጋ

በሌላው በኩል ደግሞ ከመድረኩ ጋር የተጣሉ የሚመስሉ፣ ነገር ግን የዚያው መድረክ ልጆች የሆኑ ተከራካሪዎች አሉ። አንደኛው ወገን፣ “ጉባ ከጥንት የኦሮሞ ነበር፤ ቤተ ክህነት ወሰደችው” ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ “ደመራ ንግሥት እሌኒ በዕጣን ጢስ እየተመራች መስቀሉን ያገኘችበት ነው፤ ሌላው ከዚህ የተቀዳ ነው” ይላል። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ እሳቱ አንድ ባለቤት ብቻ ሊኖረው ይገባል።

እስቲ ካርታውን ዘርግተን እንመልከት። በዚያው በመስከረም ሰሞን ወላይታ ጊፋታን ያከብራል፤ ሀዲያ ያሆዴን፤ ከምባታ መሳላን፤ ካፋ ማሽቃሮን፤ ጋሞ ዮ መስቀላን፤ ጉራጌ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል። አንዳንዱ ስም ከግዕዙ “መስቀል” ጋር ዝምድናው ለጆሮ ግልጽ ነው፤ አንዳንዱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ክረምት ሲያልፍ፣ ወንዝ ሲጎድል፣ ተራርቆ የከረመ ዘመድ ሲገናኝ እሳት የማያነድ ሕዝብ በዚህ አገር ጥቂት ነው። ማን ከማን ወሰደ የሚለውን የታሪክ ባለሙያ ይመርምረው፤ ያስፈልጋልም። ለምሳሌ በወለጋ ለረጅም ዘመን የኖሩት ሆላንዳዊው ካህን ላምበርት ባርቴልስ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ምዕራብ ኦሮሞ እምነት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሜጫ ሴቶች የሚጠሯት “ማራም” ከቤተ ክርስቲያኗ ማርያም ጋር በስም ብትገናኝም የሴቶቹ ሥርዓት የራሱ ዓለም እንዳለው በትዕግሥት ያሳያሉ። የስም መጋራትና የነገር መጋራት አንድ አይደሉም ማለት ነው። ይህን ዓይነት ትዕግሥት በክርክራችን ውስጥ አላየሁም። እኛ የምንፈልገው የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት ነው።

ወረቀቱም መምጣቱ አልቀረም። ዩኔስኮ መስቀልን በ2006፣ የሲዳማን ፍቼ ጨምበላላ በ2008፣ የገዳ ሥርዓትን በ2009፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቡ ላይ አስፍሯል። መልካም ነው፤ ደስ ብሎናል። ነገር ግን መዝገብ ላይ ለመስፈር በዓሉ ስም፣ ወሰንና ባለቤት ሊኖረው ግድ ነው። ጊንጪ ላይ ማታ ጉባ፣ ጧት መስቀል የሚሆነው እሳት በየትኛው ዓምድ ይገባል?

የቦዳው ልጅና የኦዳው ዛፍ

ይህ የቴሌቪዥን ጥፋት ብቻ እንዳይመስል ወደ ሥነ ጽሑፋችንም ልሻገር። ከዚሁ አውራ ጎዳና፣ ከአምቦ አጠገብ ከምትገኘው ከቦዳ በ1928 ዓ.ም. ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተወለደ። ባለቅኔነቱን እዚህ አልደግመውም። በአባቱ ኦሮሞ፣ በእናቱ አማራ ነው፤ ኦሮምኛን ከቤት፣ ግዕዝን ከቤተ ክርስቲያን ያገኘ ሰው ነው። ስለ ድብልቅ በዓል ለመጻፍ ከእሱ የተሻለ ማን ይታጫል?

ጸጋዬ ኦዳን ወደ መድረክ አምጥቷል። ያመጣው ግን በእንግሊዝኛ ነው። “ኦዳ ኦክ ኦራክል” የተባለው ተውኔቱ በ1965 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የቃል ትንቢቱ የሻንካ የበኩር ልጅ ለአያቶች መንፈስ እንዲሠዋ ያዛል፤ ሻንካ ያን ላለማየት ከሙሽራይቱ ከኡኩቴ ይርቃል፤ መዘዙ ወዳጁን ጎኣን ጨምሮ ሁሉንም ያጠፋል። እንደ ተውኔት ኃይል አለው። እንደ ኦዳ ግን? ኦዳ በኦሮሞ ልማድ ጥላው ሥር ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚደነገግበት፣ እርቅ የሚወርድበት ዛፍ ነው፤ ለሜጫ ኦዳ ቢሲል ይህ ነበር። በጸጋዬ ተውኔት ውስጥ ያለው ዛፍ ሕግ አይደነግግም፤ ደም ይጠይቃል።

ባለቅኔውን ለመክሰስ አይደለም። የዓለም መድረክ በዚያን ዘመን ከአፍሪካ ጸሐፊ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ምሥጢራዊና አስፈሪ አፍሪካ እንደነበር ይገባኛል። የገረመኝ ሌላ ነው። አማርኛን እንደ ሸክላ ያበጀ፣ ከ“እሳት ወይ አበባ” በፊትም በኋላም ቃል እንደ ልቡ የታዘዘለት ሰው፣ የሰፈሩን ዛፍ በስሙ ጠርቶ ተውኔት ሲያቆምለት ቋንቋ ለወጠ። አማርኛው ለኦዳ ቦታ አልነበረውምን? ወይስ ጸጋዬ፣ ተመልካቹ በሩቅ ካልሆነ በቀር ዛፉን እንደማይቀበለው ገመተ? እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ ተሳስቼ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አማርኛ ጽሑፋችን “አቴቴ”ን ያደረገውንም ማስታወስ ይቻላል። ለኦሮሞ ሴቶች የመውለድና የከብት ማርባት ጸሎት፣ የሴቶች የጋራ ድምፅ የሆነው ሥርዓት በአማርኛ ሲነገር ከዛር ጎን ይሰለፋል። ቃሉን ወስደናል፤ ከቃሉ ጋር የመጣልን ፍርሃቱ ብቻ ነው። ፊደሉ አይችልም እንዳንል ደግሞ ፊደሉ ችሎ ነበር። አስቴር ጋኖና ኦነሲሞስ ነሲብ የኦሮሞን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ሰብስበው በ1894 እ.ኤ.አ. ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ ያሳተሙት የንባብ መጽሐፍ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። አስቴር በባርነት ተሸጣ የነበረች ሴት ናት፤ የልጅነት አገሯን ዘፈን በጆሮዋ ይዛ ኖራ በወረቀት አሰፈረችው። ያን መጽሐፍ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንባቢ ከቅርስ ቈጥሮት ቢሆን ኖሮ የበዓል ዝግጅታችን መልኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሜዳው

ወደ ጊንጪ ልመለስ። የዚህች ከተማ ስም በዓለም ዜና የተሰማው በበዓል ምክንያት አልነበረም። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ተማሪዎቿ አደባባይ ወጡ። መነሻው አንድ የኳስ ሜዳና የጭልሞ ደን ለሌላ ጥቅም ሊውሉ ነው መባሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ታሪክ ነው፤ ተቃውሞው ኦሮሚያን አዳረሰ።

ስለ ኳስ ሜዳው ግን የፖለቲካ ጸሐፊዎች ያለፉትን አንድ ነገር ልጨምር። በትናንሽ ከተሞቻችን የኳስ ሜዳ ኳስ ብቻ አይደለም። ደመራ የሚቆምበት፣ ፈረስ ጉግስ የሚጋለብበት፣ የሠርግ ድንኳን የሚተከልበት፣ ኢድ የሚሰገድበት እሱ ነው። ምዕራብ ሸዋ የፈረስ አገር ነው፤ ፈረስ ደግሞ በስቱዲዮ አይጋለብም። የቴሌቪዥኑ በዓል አንድ ክፍልና ጥቂት ቄጤማ ይበቃዋል፤ የሰው በዓል ግን መሬት ይፈልጋል። መልካ ይፈልጋል፤ ኢሬቻ ለምለም ሣር ይዞ የሚወርድበት፣ ከወራት በኋላም ታቦት ወርዶ የሚያድርበት ያ የውሃ ዳር። ውሃው ሁለቱንም ያስተናግዳል። አጥሮ የወሰደው ሰው ሲመጣ ግን ሁለቱም በዓላት በአንድ ቀን ቤት አልባ ይሆናሉ። ስለ ብዝኃነት በተደረጉት ብዙ ዝግጅቶች ላይ ይህን የሚናገር አስተናባሪ አላጋጠመኝም።

በዓል ሐዘንም አለው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ላይ ለኢሬቻ ከወጣው ሕዝብ መካከል ብዙ ሰው ሞተ፤ መንግሥት ከ50 በላይ አለ፤ ሌሎች ከዚያ እጅግ የላቀ ቁጥር ጠሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢሬቻ በአዲስ አበባ በድምቀት ሲከበር የብዙዎች ደስታ እንባ ነበረው። ዛሬ ኢሬቻም የራሱ ልዩ የቴሌቪዥን ዝግጅት አለው። ቄጤማው ያው፣ ጀበናው ያው፤ ቋንቋው ኦሮምኛ ሆነ እንጂ “እንኳን አደረሳችሁ” የሚባባሉት ሁለት አስተናባሪዎችም ያው ናቸው። ለዘመናት በመድረኩ የሁለት ደቂቃ ድርሻ የነበረው ባህል መድረኩን ሲረከብ መድረኩን አልለወጠውም። በኢሬቻ ሰሞን የቢሾፍቱ ሟቾችን ለማሰብ ከጭፈራ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም የሚል ዝግጅት ባይ ደስ ይለኝ ነበር። ዝምታ ግን ለቴሌቪዥን ይከብዳል።

በእነዚህ ዓመታት ምዕራብ ሸዋ ሰላሙ ደፍርሶ ቆይቷል፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ማታ ችቦ ይዞ መሄድ ራሱ የሚያሳስብባቸው ዓመታት መጥተዋል። ቢሆንም ቅርጫው አልቀረም። ባየሁት ቅርጫ መዳቢው ሥጋውን እያስተካከለ በኦሮምኛ ይቆጥራል፤ ከጎኑ ያለው በአማርኛ ያርመዋል፤ ልጆች ቆለጡን ማን እንደሚጠብሰው ይጣላሉ። “እናንተ ልጆች፣ ዞር በሉ!” ይላቸዋል አንዱ፤ አይዞሩም። አሥሩ ምልክት በባርኔጣ ተሰበሰበ። እጣ የሚጥል፣ ምልክቶቹን ያላየ ሰው ተፈለገና እኔ ተጠራሁ፤ እንግዳ ስለሆንኩ። ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ቆየሁ፤ “በል ና” ሲሉኝ ዞሬ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ጠጠር፣ አንድ የክብሪት እንጨት እያልኩ በየመደቡ ላይ ጣልኩ። ክብሪቱ የወደቀው አጥንት የበዛበት መደብ ላይ ነበር። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ከኋላዬ የተሰማው ሳቅ ግን የሁሉም ነበር፤ ከባለክብሪቱ በቀር።